ፎሰን፦ አርቢዎቹ ረቱ፣ ተርባይኖቹ ግን አልቆሙም

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዐሥራ አንድ ዳኞች በተሰየሙበት ታላቅ ችሎት ውሳኔውን አሰማ። በፎሰን ባሕረ ገብ መሬት ስቶርሄያ እና ሮአን በተባሉ ሁለት ከፍተኛ ቦታዎች ለተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተሰጠው ፈቃድ፣ የሰሜን አውሮፓ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የሳሚ ሬንዲር አርቢዎች መብት ስለሚጥስ ዋጋ የለውም አለ። የልዩነት ሐሳብ ያስመዘገበ ዳኛ አልነበረም። ውሳኔው በተሰማበት ዕለት በሁለቱ ቦታዎች 151 ተርባይኖች ተተክለው ኃይል ያመነጩ ነበር። በማግስቱም ማመንጨታቸውን ቀጠሉ። ከ500 ቀናት በኋላም አልቆሙም፤ ያኔ ወጣቶች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብተው ወለል ላይ በመቀመጥ የአገራቸው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወሰነው እንዲፈጸም መጠየቅ ግድ ሆነባቸው።

በገጠር ስለሚተከሉ ተርባይኖች የአካባቢ ነዋሪዎች የሚያነሡት ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ልማት የማይወዱ፣ የተራራው መልክ ተበላሸብን የሚሉ፣ ለአየር ንብረት ለውጥ ደንታ የሌላቸው ተብለው ይፈረጃሉ። የፎሰን ጉዳይ ለዚህ ዓይነቱ ፍረጃ አይመችም። በዚህ ጉዳይ ላይ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ተተከለ፤ ከዚያ በፍርድ ቤት ክርክሩ ቀጠለ፤ በመጨረሻ መብት መጣሱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ተቃውሞውም፣ የሚኒስትሩ ይቅርታም፣ በስተኋላ የተፈረመው ስምምነትም፣ ከዚሁ ቅደም ተከተል የተወለደ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ነፋሱና ግጦሹ የተገናኙበት ጫፍ

ፎሰን በመካከለኛው ኖርዌይ፣ በትሮንዴላግ ክፍለ ግዛት፣ ከትሮንድሄም ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ወደ አትላንቲክ የሚዘረጋ ባሕረ ገብ መሬት ነው። የደቡብ ሳሚ ሕዝብ ሬንዲሩን እየነዳ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከባሕር ዳር ወደ ተራራ የሚዘዋወርበት አገር ነው። ሬንዲር በብርዳማው ሰሜን የሚኖር፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የሚያበቅሉ የአጋዘን ዘር ነው። በፎሰን የግጦሽ ወረዳ ያሉት አርቢዎች ጥቂት ናቸው። በሰሜንና በደቡብ ሁለት ቡድን የሆኑ ስድስት የእርባታ ክፍሎች አሏቸው፤ ወረዳው እንዲይዝ የተፈቀደለት ከፍተኛው የመንጋ ብዛትም 2100 ነው። የሚናገሩት የደቡብ ሳሚ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ዛሬም የዕለት ሥራ የሚሠራበት ዋነኛው ቦታ መንጋው ዘንድ ነው። እርባታው ከተቋረጠ ቋንቋውም ውሎ የሚያድርበትን ቤት ያጣል።

ጉዳዩን ለመረዳት የበረዶውን ወራት ማወቅ ያስፈልጋል። በበጋ ለሬንዲሩ የሚበላ አይጠፋም። የመንጋውን ልክ የሚወስነው በበረዶው ወራት የሚገኘው ግጦሽ ነው። ያን ጊዜ እንስሳው የሚበላው በዋናነት ሊከን ነው፤ ድንጋይና መሬት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ አመድ የመሰለ፣ ካለቀ ተመልሶ እስኪያቆጠቁጥ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነገር። ሬንዲሩ ከበረዶው በታች ያለውን ሊከን አሽትቶ ያገኘዋል፤ በሰኮናውም በረዶውን እየጫረ ይደርስበታል። በረዶው ልል ከሆነ ምንም ችግር የለም።

ፎሰን ግን ባሕር ዳር ነው። በበረዶው ወራት መካከል ድንገት ሞቅ ይልና ዝናብ ይዘንባል። ዝናቡ በረዶው ውስጥ ይሰርጋል፤ ብርዱ ሲመለስ የላይኛው ሽፋን እንደገና ይረጋና ድንጋይ ይሆናል። ያን ጊዜ እንስሳው ምግቡን ያሸተዋል እንጂ አይደርስበትም። ሰኮናው ይቆስላል፣ ይከሳል፣ ያረገዘችውም ትጨነግፋለች። በእንዲህ ያለው ዓመት መንጋውን የሚያተርፈው ከፍ ያለውና የተራቆተው የተራራ ጫፍ ነው። ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ስለሚወስደው ድንጋዩ ገላጣ ይሆናል፤ ሊከኑም ይገኛል። በአገራችን የቦረና ከብት አርቢ ለክፉ ቀን ከልሎ እንደሚያቆየው ካሎ፣ ለፎሰን አርቢም ያ ጫፍ የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው።

ነፋስ ፍለጋ የመጣው መሐንዲስም የመረጠው ይህንኑ ጫፍ ነው። ነፋሱ በረዶውን የሚጠርገው ኃይለኛ ስለሆነ ነው፤ ኃይለኛ ስለሆነም ለተርባይን ይስማማል። ሁለቱ ፍላጎቶች በአጋጣሚ አልተጋጩም። በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየውን መሬት ባዶ ያስመሰለውም፣ ለመንጋው ብርቅ ያደረገውም፣ ለኩባንያው ያስመረጠውም አንድ ነፋስ ነው። ይህን ሳይረዱ "ኖርዌይ ሰፊ አገር ናት፣ እንስሶቹ ወደ ሌላ ቦታ ይሂዱ" ማለት ቀላል ነው። የበጋ ግጦሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቻል ነበር።

ሬንዲር ከተርባይን ምን ያህል ይርቃል የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ባለሙያዎችን ለረዥም ጊዜ አከራክሯል። የኩባንያው ወገን እንስሳው ውሎ አድሮ ይለምደዋል ሲል፣ አርቢዎቹ ደግሞ መንጋችን ከሚሽከረከረው ክንፍ፣ ከመንገዱና ከሰው እንቅስቃሴ ይሸሻል አሉ። ተርባይን ሲባልም አንድ ምሰሶ ብቻ አይደለም። እዚያ የተተከለው ዓይነት ክንፉ ሲሽከረከር ከዳር እስከ ዳር 117 ሜትር ይሸፍናል። ወደ እያንዳንዱ ተርባይን ክሬን የሚያደርስ ሰፊ መንገድ በድንጋዩ ተራራ ላይ በፈንጂ ተቆርጦ ተሠርቷል፤ ጥገና ሠራተኛው በበረዶም በበጋም ይመላለስበታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ከመዘነ በኋላ ስቶርሄያና ሮአን ለበረዶው ወራት ግጦሽነት ከእንግዲህ እንደጠፉ ይቆጠራሉ ብሎ ደመደመ።

ፈቃዱ፣ ገንዘቡና ርክክቡ

ፎሰን ከዚያ በፊት ተርባይን አይቶ የማያውቅ አገር አልነበረም። በሮአን ወረዳ ቤሳከርፊየለት በተባለ ቦታ 25 ተርባይኖች ያሉት ማመንጫ ከ2008 ጀምሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አርቢዎቹ የተቃወሙት አንድን ማመንጫ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ግጦሹን ከየአቅጣጫው የሚበላውን መስፋፋት ነበር። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለብቻው ሲመዘን ትንሽ ይመስላል። መንጋው ግን ለብቻ ለብቻ አያየውም፤ ከአንዱ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላው ቦታ እርሱም ተይዞ ይጠብቀዋል።

የኖርዌይ የውኃ ሀብትና ኢነርጂ ዳይሬክቶሬት ለስቶርሄያና ለሮአን ፈቃድ የሰጠው በ2010 ነው። አርቢዎቹ ይግባኝ አሉ። የነዳጅና ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2013 ይግባኙን ውድቅ አድርጎ ፈቃዱን አጸና። በ2015 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት የሆነው የኃይል ኩባንያ ስታትክራፍት አያዋጣም ብሎ ፕሮጀክቱን ተወው። አርቢዎቹ እፎይ ያሉት ግን ለወራት ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 የስዊስ ባለሀብቶች የተካተቱበት የአውሮፓ የኢንቨስትመንት ቡድን ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ነፍስ ዘራ። ስታትክራፍት ትልቁን ድርሻ ይዞ፣ በ11 ቢሊዮን የኖርዌይ ክሮነር ገደማ ወጪ፣ በፎሰንና በአካባቢው ስድስት ማመንጫዎች እንዲሠሩ ተወሰነ። በጠቅላላው ከ270 በላይ ተርባይኖችና ከ1000 ሜጋዋት በላይ ኃይል ማለት ነው። በአውሮፓ በየብስ ላይ ከተተከሉት ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ከስድስቱ ትልቁ ስቶርሄያ ሲሆን 80 ተርባይኖችና 288 ሜጋዋት አለው፤ ሮአን 71 ተርባይኖች አሉት።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የካሣና የፈቃዱ ሕጋዊነት ክርክር በፍርድ ቤት ሳይቋጭ ኩባንያው መሬቱን አስቀድሞ ተረክቦ ግንባታ እንዲጀምር ተፈቀደለት። በኖርዌይ ሕግ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። መንገድ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ ባለመሬት እምቢታ ለዓመታት እንዳይታገድ ታስቦ የተደነገገ ነው፤ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ሲሆንም ጉዳት የለውም። ካሣው ዘግይቶ ቢከፈል ከነወለዱ ይከፈላል። የፎሰን ጥያቄ ግን የካሣ መጠን አልነበረም። ግንባታው ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተንጠልጥሎ እያለ ድንጋይ ማፈንዳት መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። የጉዳዩ ሁሉ መበላሸት ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

የሚያስቆም አልታጣም ነበር። በዲሴምበር 2018 የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎን የማስወገድ ኮሚቴ አቤቱታውን እስኪመረምር ድረስ የስቶርሄያ ግንባታ እንዲታገድ የኖርዌይን መንግሥት ጠየቀ። መንግሥት አልተቀበለም። በሰብዓዊ መብት ጉዳይ ለሌላው ዓለም ምክር የምትለግሰው አገር ለራሷ የቀረበላትን ጥያቄ ገፋች። ሮአን በ2019 ሥራ ጀመረ፤ ስቶርሄያ በ2020።

በዚህ ሁሉ መካከል መንግሥት የቆመበትን ቦታ ልብ ይሏል። ፈቃዱን የሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ይግባኙን የጣለው ሚኒስቴሩ ነው። የማመንጫው ትልቁ ባለድርሻ የመንግሥት ኩባንያ ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤትም መንግሥት ከኩባንያው ጎን ተሰልፎ ተከራክሯል። የሳሚን መብት እንዲጠብቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 108 የታዘዘውም ይኸው መንግሥት ነው። አርቢው ቤተሰብ የትኛውን በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

የደገፉትም ጎረቤቶች ነበሩ

የአካባቢው ሰው ሁሉ ተቃዋሚ እንደነበር ማስመሰል ግን እውነትን ማጉደል ይሆናል። ሮአንና ኋላ እርሷን የጠቀለለችው ኦፊዮርድ ወጣት የሚፈልስባቸው ትንንሽ የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ከተርባይን የሚሰበሰበው የንብረት ግብር ለእነርሱ ትምህርት ቤት ነው፣ መንገድ ነው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በግንባታው ዘመንም ሥራ ተገኝቷል። የማዘጋጃ ቤቶቹ መሪዎች ፕሮጀክቱን ደግፈዋል፤ ምክንያታቸውም ግልጽና የሚከበር ነው። ችግሩ ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ አለማረፉ ነው። ግብሩ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ የጠፋው ጫፍ ግን የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነው። በድምፅ ብልጫ ቢወሰን አርቢዎቹ ሁልጊዜም ይሸነፋሉ። የጥቂቶች መብት በሕግ የሚጠበቀውም እንዲህ ላለው ቀን ነው።

የኖርዌይ ገጠር ድጋፍም ለዘለቄታው አልጸናም። ከፎሰን ብዙም በማትርቀው የፍሮያ ደሴት በ2005 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ነዋሪው የነፋስ ኃይልን በጠባብ ብልጫ ተቀብሎ ነበር። በ2019 ሁለተኛ ድምፅ ሲሰጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነው ሕዝብ አንፈልግም አለ፤ ሰዎች ድንኳን ተክለው የግንባታ መንገዱን ዘጉ። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ተርባይኑ ቁመቱ ጨምሯል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሰዎች በሌላ ቦታ የተሠራውን በዐይናቸው አይተዋል። በፍሮያም ቢሆን ማመንጫው ተሠርቷል።

የመኖው በረትና አንቀጽ 27

የፍሮስታቲንግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 የሰጠው ውሳኔ ላይ ላዩን ሲታይ ለጋስ ይመስላል። ፈቃዱ ይጸናል፤ አርቢዎቹ ግን ወደ 89 ሚሊዮን ክሮነር ካሣ ያገኛሉ አለ። ስሌቱ የተመሠረተው በመኖ ላይ ነው። መንጋው በበረዶው ወራት በታጠረ በረት ውስጥ ተይዞ በተገዛ መኖ ቢቀለብ የጠፋው ግጦሽ ይተካል፤ ለዚያም ይህን ያህል ገንዘብ ይበቃል የሚል ነበር።

ሬንዲር በበረት ውስጥ ሲቀለብ ምን እንደሚሆን እናስብ። መንጋው አጥር ውስጥ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሰው መኖ ይዞ ይመጣል። ለነጻ ግጦሽ የተፈጠረ ሆድ በሌላ ምግብ ይሞላል፤ ተጠጋግተው በሚቆሙ እንስሳት መካከል በሽታ በቀላሉ ይዛመታል። አርቢውም በረዶውን አይቶ፣ ነፋሱን ለክቶ፣ መንጋውን ወዴት እንደሚመራ የሚወስን ሰው መሆኑ ይቀርና መኖ አመላላሽ ይሆናል። ልጁ ከእርሱ የሚማረው ነገር አይኖርም። የበረዶው ዓይነት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ የእንስሳው ጠባይ በደቡብ ሳሚ ቋንቋ የሚጠሩባቸው ቃላት ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። ስጋው ይሸጣል፤ እርባታው ግን ሌላ ሥራ ሆኗል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው ይህንን ነው። ለዚህ ያህል የበዛ በበረት መቀለብ ከተለመደው በዝውውር ላይ ከተመሠረተ እርባታ እጅግ የራቀ ነው፣ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም፣ ስለዚህ መብቱ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም ሲባል ከግምት ሊገባ አይገባም አለ። ይህ መከላከያ ሲወድቅ የተቀረው ቀላል ሆነ። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 27 የአናሳ ብሔረሰብ አባላት ከማኅበረሰባቸው ጋር በባህላቸው የመኖር መብት እንዳይነፈጋቸው ይደነግጋል። ቃል ኪዳኑ በኖርዌይ በ1999 በወጣው የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የአገር ሕግ ሆኗል። ሬንዲር እርባታም በአንቀጹ የሚጠበቅ ባህል መሆኑ አላከራከረም። በቂ የማካካሻ እርምጃ እስካልተወሰደ ድረስ በፎሰን እርባታው ከፍተኛ ጉዳት ይደርስበታል፤ ስለዚህ ፈቃዱ አይጸናም።

ከፍርዱ ውስጥ ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው ግን ስለ አረንጓዴው ኃይል የተባለው ነው። መንግሥትና ኩባንያው የአየር ንብረት ለውጥን መግታት የሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም ነው፣ ከጥቂት አርቢዎች ጥቅም ጋር ይመዘን ብለው ነበር። ዳኞቹ የአንቀጽ 27 መብት ከሌላ የኅብረተሰብ ጥቅም ጋር እንዲህ በሚዛን የሚቀመጥ አይደለም አሉ። አክለውም ታዳሽ ኃይል ማግኘት የሚቻለው አርቢዎቹን ያነሰ የሚጎዳ ሌላ አማራጭ በመምረጥም ነበር ብለዋል። ቦታው የተመረጠ እንጂ የታዘዘ አልነበረም ማለታቸው ነው። አርቢዎቹም ቢሆኑ የአየር ንብረት ለውጥን ክደው አያውቁም። በበረዶ ላይ የሚዘንበው ዝናብ እየተደጋገመ ሲሄድ ቀድሞ የሚጎዳው የእነርሱ መንጋ ነው።

ፍርዱ አንድ ክፍተት ነበረበት። ክርክሩ የተካሄደው በካሣ ግምት ጉዳይ ስለነበር ዳኞቹ ፈቃዱ ዋጋ የለውም አሉ እንጂ ተርባይኖቹ ይነቀሉ ብለው አላዘዙም፤ እንዲያዙ የቀረበላቸው ጥያቄም አልነበረም። ሚኒስቴሩ በዚህ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አምስት መቶ ቀናት

ከፍርዱ በኋላ ሚኒስቴሩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል፣ ማመንጫውና እርባታው አብረው የሚኖሩበት መንገድ ይፈለጋል እያለ ወራት አስቆጠረ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ተቋም የመብት ጥሰቱ እንደቀጠለ ነው አለ። የሳሚ ፓርላማ ፕሬዚዳንት ሲልዬ ካሪን ሙኦትካም እንዲሁ። ተርባይኖቹ ግን ኃይል እየሸጡ ነበር።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023 ፍርዱ 500 ቀን ሞላው። የሳሚ ወጣቶች ከኖርዌይ የተፈጥሮና ወጣቶች ማኅበር አባላት ጋር ሆነው በኦስሎ የነዳጅና ኢነርጂ ሚኒስቴር እንግዳ መቀበያ ውስጥ ገብተው አንወጣም አሉ። ከፊት ከነበሩት አንዷ ድምፃዊቷና የመብት ተሟጋቿ ኤላ ማሪ ሄታ ኢሳክሰን ናት። ብዙዎቹ ጋክቲ የተባለውን የሳሚ ባህላዊ ልብስ ለብሰው ነበር፤ ቁጣቸውን ለማሳየት ገልብጠው የለበሱትም ነበሩ። ያንን ልብስ የሚያከብር ሰው ስፌቱን ወደ ውጭ አውጥቶ አደባባይ ሲቆም ነገሩ የት እንደደረሰ ለሳሚ ሁሉ ግልጽ ነው። ስዊድናዊቷ ግሬታ ቱንበርግም መጥታ ተቀላቀለች። ለአየር ንብረት ብላ በዓለም የምትታወቀው ወጣት የነፋስ ማመንጫን ተቃውማ መቆሟ አንዳንዶችን አስደንግጧል። አቋሟ ግን ግልጽ ነበር፤ የኃይል ሽግግሩ በነባር ሕዝቦች መብት ኪሳራ መካሄድ የለበትም የሚል ነው። ፖሊስ ከአራት ቀን በኋላ በእኩለ ሌሊት እየተሸከመ አስወጣቸው። እነርሱም በነጋታው የሌሎች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በሮች ዘጉ።

በማርች መጀመሪያ የኢነርጂ ሚኒስትሩ ቴርዬ ኦስላንድ አርቢዎቹን ይቅርታ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮናስ ጋር ስቶረም ጥሰቱ እየቀጠለ መሆኑን አመኑ። ይህን ለመስማት አንድ ዓመት ከአምስት ወር ፈጅቷል። ለሳሚ ሕዝብ እንዲህ ያለው ትግል አዲስ አይደለም። በ1979 የአልታ ወንዝ ግድብን በመቃወም በኦስሎ ፓርላማ ፊት ለፊት የረሃብ አድማ ተደርጓል። ግድቡ ተሠራ፤ ተቃውሞው ግን የሳሚ ፓርላማ በ1989 እንዲቋቋም መንገድ ጠርጓል። ጥያቄው ሲቀርብ ሁልጊዜም ዘግይቶ ይሰማል፤ ሲሰማም ግንባታው አልቋል።

ስምምነቱ

በ2023 አጋማሽ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ሄደ፤ የአገሪቱ የሥራ ክርክር አስታራቂ ሁለቱን ወገኖች እንዲያግባባ ተመደበ። በዲሴምበር 2023 የደቡብ ፎሰን አርቢዎች ስለ ስቶርሄያ ተስማሙ። በማርች 2024 የሰሜኖቹ ስለ ሮአን ተስማሙ። በደቡቡ ስምምነት ኩባንያው በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ክሮነር ለ25 ዓመት ይከፍላል። መንግሥት ከፎሰን ውጭ ተጨማሪ የበረዶ ወራት ግጦሽ ያዘጋጃል። ለደቡብ ሳሚ ባህል ማጠናከሪያም ገንዘብ ተመድቧል። የ25 ዓመቱ ፈቃድ ሲያበቃ ማመንጫው ይቀጥል ከተባለ አርቢዎቹ እምቢ የማለት መብት አላቸው። 

ስምምነቱ ብዙ የሳሚ ወጣቶችን አሳዝኗል። ተርባይኖቹ ወርደው፣ መሬቱ ተመልሶ እንዲያዩ ነበር የታገሉት። እኔ ግን የፈረሙትን ቤተሰቦች ለመውቀስ አልደፍርም። ሃያ ዓመት ገደማ በስብሰባ፣ በአቤቱታና በፍርድ ቤት የቆዩ ሰዎች ናቸው። መንጋው በየቀኑ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ልጆች ያድጋሉ፤ ጠበቃ ይከፈለዋል። ከፊታቸው የነበረው ምርጫ መሬታቸውን ማስመለስ ወይም ገንዘብ መቀበል አልነበረም። ለሌላ ዐሥር ዓመት መከራከር ወይም የሚቻለውን ይዞ ወደ መንጋ መመለስ ነበር። በ2016 መሬቱ ከመነካቱ በፊት እምቢ የማለት መብት ቢኖራቸው ኖሮ ድርድሩ ምን መልክ ይኖረው ነበር? ያ መብት የተሰጣቸው ማመንጫው ዕድሜውን ሲጨርስ የሚጠቀሙበት ሆኖ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ተራራውን አይመልስም። ሊከኑ በፈንጂ ተነሥቷል፤ መንገዱ ተቆርጧል። ሌላ ቦታ የሚሰጠው ግጦሽም ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በዚያም የቆየ ተጠቃሚ ይኖራል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ አንቀጽ 27 የሚገኝበትን ቃል ኪዳን በ1993 ተቀብላለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖች በገበሬ ማሳ መካከል የቆሙ ናቸው፤ በማሳ ላይ ድንበሩ ይታወቃል፣ ካሣውም ይሰላል። በሶማሌ ክልል አይሻ ላይ የሚሠራው ግን በአርብቶ አደር አገር ነው። በዓመቱ አብዛኛው ወር ሰውና ከብት የማይታይበት መሬት በአንድ ክፉ ወቅት የብዙ ቤተሰብ መዳኛ ሊሆን ይችላል። ጥናት የሚያደርገው ሰው የመጣበት ወር ያ ወቅት ካልሆነ መሬቱን ባዶ ብሎ ይመዘግባል። የፎሰን ስሕተትም የጀመረው እንዲህ ካለ አመለካከት ነው።

ቀጣዩ ግንባታ

ኖርዌይ ውስጥ ከፎሰን ወዲህ የተለወጡ ነገሮች አሉ። ዳይሬክቶሬቱ በ2019 ለነፋስ ኃይል የተሻሉ ናቸው ያላቸውን 13 አካባቢዎች በካርታ ለይቶ ሲያወጣ በሺዎች የሚቆጠር ተቃውሞ ደረሰው፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዕቅዱን ጣለው። አዲስ ፈቃድ መስጠትም ቆሞ ቆይቶ በ2022 ሲቀጥል ለማዘጋጃ ቤቶች የበለጠ ሥልጣን ተሰጠ። ከ2024 ጀምሮ በየብስ የነፋስ ኃይል ላይ 25 በመቶ የተፈጥሮ ሀብት ግብር ተጥሏል። እነዚህ ሁሉ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚጠቅሙ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱና አርቢው ሲለያዩ ግን፣ ፎሰን ላይ እንደሆነው፣ ለአርቢው ያን ያህል አይፈይዱም።

አሁን ፊቱ የዞረው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊንማርክ ነው። መንግሥት በ2023 ሜልኮያ ላይ ያለው የጋዝ ማቀነባበሪያ ከዋናው መስመር በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ፈቅዷል። ለዚህም በፊንማርክ ተጨማሪ ኃይል እንዲመነጭ አቅዷል፤ ከዚያም ብዙው ከነፋስ እንደሚመጣ ይጠበቃል። ፊንማርክ የሬንዲር እርባታው ዋና ማዕከል ነው። አርቢዎቹና የሳሚ ፓርላማ ከወዲሁ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ይህን ጊዜ ክሬኑ ገና ተራራው ላይ አልወጣም። ለፊንማርኩ የነፋስ ማመንጫ ማመልከቻዎች መሬቱን አስቀድሞ የመረከብ ፈቃድ ክርክሩ ሳያልቅ ይሰጥ እንደሆነ የሚወስነው አሁንም ያው የመንግሥት መዋቅር ነው፤ የፊንማርክ አርቢዎች ጠበቆችም ከሌላው ሁሉ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ይህንኑ ይመስለኛል።